8ኛ መውጣት ውድቀት ነው እንዴ?
ስለ ዴንማርካዊቷ ራኬል ራስተኒ የተጻፈው ጽሑፍ “በዩሮቪዥን የወደቀች ዘፋኝ” ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1958 በዚህ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ለዴንማርክ ዘፍና 8ኛ ወጣች፣ እሺ፣ ግን ተወዳዳሪው 10 አገር ብቻ ነበር፤ ደግሞ በዚያው ምሽት ዛሬም ዓለም የሚያንጎራጉረው የጣሊያናዊው ዘፋኝ የሞዱኞ “ቮላሬ” እንኳ 3ኛ ነው የወጣው! ዳኞች እንግዲህ እንደዚያ ናቸው። ከላይ በአስተያየትህ “ስዊድን የሄደችው ለሥራ ነው” ያልከው ወንድሜ ደግሞ ተሳስተሃል። ሴትየዋ አይሁዳዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1943 ናዚዎች የዴንማርክን አይሁዶች ሊለቅሙ ሲነሱ ከ7,000 በላይ ሰው በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ተደብቆ ስዊድን ገባ፤ እሷም የተሰደደችው በዚያ ጊዜ ነው። ዩሮቪዥን መድረክ ላይ ስትቆም 42 ዓመቷ ነበር፣ አገሯ ውስጥ ስሟ ከታወቀ ቆይቷል።