«አልወሰንኩም» ያሉት የት ገቡ?

ኬንያውያን ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ድምፅ ሊሰጡ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ኢፕሶስ የተባለው ድርጅት ያወጣው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ራይላ ኦዲንጋን 47 በመቶ፣ ዊሊያም ሩቶን 41 በመቶ ይሰጥ ነበር። ወሬው ሁሉ ያቺ የ6 ነጥብ ልዩነት ሆነች። ቆጠራው ሲያልቅ ሩቶ በ50.49 በመቶ አሸነፉ፤ ራይላ 48.85 ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው «ጥናቱ ውሸት ነበር» ብሎ ዘጋው።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና እንደገና እዩዋቸው። የራይላ 47 እና 48.85 ያን ያህል አይራራቁም። የዘለለው የሩቶ ቁጥር ነው፤ ከ41 ወደ 50። ጥናቱ ውስጥ ደግሞ ለሁለቱም ያልተሰጠ 12 በመቶ ነበር፤ ከፊሉ ለትናንሾቹ ዕጩዎች የሄደ፣ የቀረው ግን «አልወሰንኩም» ወይም «አልናገርም» ያለ ሰው ነው። 12ቱ በድምሩ የመሪነቱ ልዩነት እጥፍ ነው። ዜናው እሱ መሆን ነበረበት።

«አልወሰንኩም» የሚል ሰው ሁሉ እውነት አልወሰነም ማለት አይደለም። መረጃ ሰብሳቢው ስልክ ይደውላል፣ ስሙን ይናገራል፣ ከየት እንደደወለ ይገልጻል፣ «ዛሬ ምርጫ ቢካሄድ ማንን ይመርጣሉ?» ይላል። ኬንያ ውስጥ የአባት ስም ብቻውን የሰውየውን አካባቢ ይናገራል፤ መላሹም መልሱን በዚያው ልክ ይመዝናል። በዚያ ዓመት ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ከራይላ ጎን ቆመው ነበር። የትውልድ አካባቢያቸው የኬንያ ተራራ ዙሪያ ግን በብዛት ሩቶን መረጠ። ደዋዩን «ይሄ የመንግሥት ሰው ቢሆንስ?» ብሎ ለሚጠረጥር ገበሬ፣ «ገና አላሰብኩበትም» ብሎ መገላገል ቀላል ነው። እኛም አገር ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣበት አፉን እንዴት እንደሚሰበስብ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የስህተት ህዳግ የሚባለው፣ ማለትም የጥናቱ ቁጥር ከእውነተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ይህን አይለካም። የሚለካው በዕጣ የመጣውን ስህተት ብቻ ነው። ለ2,000 ሰው ናሙና ህዳጉ ሲደመር ሲቀነስ 2.2 ገደማ ነው፤ በሁለት ዕጩዎች መካከል ላለው ልዩነት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ናሙና የ4 ነጥብ ብልጫ «እየመራ ነው» አያሰኝም። በየካውንቲው፣ ማለትም በየአስተዳደር ክልሉ፣ ሲከፋፈል ደግሞ ይብሳል። 2,000 ሰው ለ47 ካውንቲ ሲደለደል ለእያንዳንዱ በአማካይ 43 ሰው ገደማ ይደርሳል፤ ህዳጉ ሲደመር ሲቀነስ 15። የኢፕሶስ ናሙና ከ6,000 በላይ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለአንድ ካውንቲ ህዳጉ ወደ 9 ነው። የኬንያ ሕግ ደግሞ አሸናፊው ከ50 በመቶ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በ24 ካውንቲዎች 25 በመቶ እንዲሞላ ያዝዛል። አንድ አገር አቀፍ ቁጥር ይዞ ስለዚህ መተንበይ አይቻልም።

ሌላው ጉድለት የሚወጣውና የሚቀረው መራጭ ነው። 1,000 ሰው ተጠይቆ 480ው ለአንዱ፣ 440ው ለሌላው አለ እንበል። ከመጀመሪያዎቹ 60 በመቶው፣ ከሁለተኞቹ 70 በመቶው ምርጫ ጣቢያ ቢሄድ 288 ለ308 ይሆናል። ማንም ሐሳቡን ሳይቀይር መሪው ተሸነፈ። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. 79 በመቶ ገደማ የነበረው ተሳትፎ በ2014 ወደ 65 በመቶ ወርዷል፤ ራይላ ጠንካራ በነበሩባት ሞምባሳ ከተመዘገበው መራጭ ግማሹ እንኳ አልወጣም። «ይመርጣሉ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሁሉም «አዎ» ይላል፤ «አልሄድም» ማለት ያሳፍራል።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ ሕግ ጥናቱን ማን እንዳሠራው፣ መቼና በምን ዘዴ እንደተሠራ፣ ስንት ሰው እንደተጠየቀና ጥያቄዎቹ ምን እንደነበሩ አብሮ እንዲታተም ያስገድዳል። ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ውጤት ማውጣት ይከለክላል። መረጃው የሚሰበሰበው ከዚያም ቀደም ብሎ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት ልቡን የቆረጠ መራጭ በየትኛውም ጥናት ውስጥ የለም።

ኬንያ በነሐሴ 2019 ዓ.ም. እንደገና ትመርጣለች፤ የናይሮቢን ጥናቶች ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጣቢያዎችና የዩቲዩብ ቻናሎችም አይጠፉም። ልመናዬ ለእነሱ ነው። «እገሌ በ6 ነጥብ እየመራ ነው» የሚለውን ርዕስ ተዉት፤ «47፣ 41፣ ለሁለቱም ያልሆነ 12» ብላችሁ ጻፉት፤ ሦስተኛዋን ቁጥር አትጣሏት። ከዚያ የድርጅቱን ሰነድ ከፍታችሁ ያልወሰኑት በየትኛው አካባቢ እንደተከማቹ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። ራይላ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ባለፈው የመረጧቸው 6.9 ሚሊዮን ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠቁመው ያ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን ያላወጣ ድርጅት ካጋጠማችሁ ስለ መሪነት የሚለውን ርዕስ አታድርጉት።