ጃዝ ዓይን ተጨፍኖ ነው

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስልኬ ላይ አንድ ፖስተር ይገባል። የሚልክልኝ ወዳጄ ነው። አዲስ አበባ ካሉት የጃዝ ክለቦች የአንዱ የሳምንት ፕሮግራም ነው። ማክሰኞ ኳርቴት። ሐሙስ የኢትዮ ጃዝ ምሽት። ቅዳሜ «ከልዩ እንግዳ ጋር»። ልዩ እንግዳው ካለፈው መስቀል ጀምሮ ያው አንድ ሰውዬ ነው። እኛ ቤት እንዲህ የተመላለሰ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሽንኩርት ክተፍ ተብሎ ነበር።

ከፖስተሩ ሥር «8፡00» ይላል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ምሳዬን በልቼ ልክ በስምንት ሰዓት ከች አልኩ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ወለል የምትወለውለው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «በፈረንጅ ነው እኮ የጻፉት፤ ማታ ነው» አለችኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ድራመሩ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከታክሲ ወረደ። ሰዓቱ የሚጻፈው በፈረንጅ፣ የሚከበረው በሐበሻ መሆኑን ያኔ ተማርኩ።

ወዳጄ ጃዝ ይገባዋል። እንዴት እንደገባው አላውቅም። አብረን ነው ያደግነው፤ ያኔ አልገባውም ነበር። አንድ ቀን ባርኔጣ ገዛ፣ በሳምንቱ ጃዝ ገባው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃው ሲጀመር ዓይኑን ይጨፍናል። እስኪያልቅ አይገልጥም። ቢራውን እንኳ የሚያገኘው በዳበሳ ነው። አንዳንዴ የእኔን ያገኛል።

«ጃዝ ዓይን ተጨፍኖ ነው» ይለኛል። «ዓይንህን ከገለጥክ ስሜቱ ይበተናል።»

እኔ ስጨፍን እንቅልፍ ይወስደኛል። ስለዚህ ገልጬ ነው የምሰማው፣ ስሜቴም እንደተበተነ ነው።

ጭብጨባው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጃዝ ቤት ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ መሐል ላይ አንዱ ሶሎውን ሲጨርስ ይጨበጨባል። መጨረሱን በምን አውቃለሁ? «ይሰማሃል» ይላል ወዳጄ። አይሰማኝም። ቅዳሴ ላይ መቼ እንደሚሰገድ የጠፋበት ሰው የፊተኛውን ጀርባ እያየ እንደሚሰግደው፣ እኔም የወዳጄን እጅ እያየሁ አጨበጭባለሁ። ሁልጊዜ በአንድ ጭብጨባ እዘገያለሁ። አንድ ማታ ፊቱ ላይ ያረፈች ትንኝ ለመግደል እጁን ሲያጋጭ ተከተልኩት። ከኋላችን ያሉትም ተከተሉኝ። ፒያኒስቱ ግራ ገብቶት እጅ ነሳን።

በዕረፍት ሰዓት ታሪክ አለ። ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልዶ፣ ምህንድስና እንዲማር ብሪታንያ ተልኮ፣ በዚያው ሙዚቃ ውስጥ ገብቶ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ቫይብራፎን ይዞ እንደመጣ ወዳጄ ይነግረኛል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ቤተሰቡን ነው። ልጅህን ኢንጂነር ሊሆን ልከህ፣ በዱላ የሚመታ ብረት ይዞ ሲመለስ ጎረቤት ምን ትለዋለህ? ከዚያ የአሜሪካው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ንጉሡም ሸልመውታል። ወዳጄ ይህን ሲያወራ «ያን ማታ…» ብሎ ነው የሚጀምረው። የተወለደው በ1979 ዓ.ም. ነው።

ከተማማን አይቀር፣ ብዙዎቻችን ጃዙ የገባን ፈረንጅ ከገባው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳዮች «ኢትዮፒክስ» በሚሉት ተከታታይ ሲዲ የሙላቱን ሥራ አወጡት። በ2005 ደግሞ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚባል የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። ያኔ ነው «ለካ የእኛ ነው!» ብለን ባርኔጣ የገዛነው። አባቴ የዚያን ዘመን ሸክላዎች ነበሩት። ሲሞት እናቴ አንዱን የእንስራ መክደኛ አደረገችው። እንዲህ ያለ ሸክላ ውጭ አገር እንዴት በውድ እንደሚፈለግ ከወዳጄ ሰምቼ ነገርኳት። «እንስራውንስ በምን ልክደነው?» አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ግን ሦስት ሆነን ሄድን።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከወሎ የመጡት ለዓይናቸው ነው። ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈላቸውና ጠብታ ሰጥቶ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ቤት አልበቃቸው አለ። ስንት ዓመት ያመለጣቸውን ሁሉ በአንድ ሳምንት አይተው ሊጨርሱ ነው። የጎረቤት ጣሪያ፣ የመኪና ታርጋ፣ የእኔ ሽበት፣ አንዱም አላመለጣቸውም። ሐሙስ ማታ ልወጣ ስል ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሙዚቃ ልሰማ ነው፣ ጋሼ።»

«የሚታይ ነገር አለው?»

መግቢያው 500 ብር ነበር። ጋሼ ብሩን ስቆጥር በአዲሱ ዓይናቸው አዩና ደነገጡ። «ሳትሰማ ትከፍላለህ? አዝማሪ ቢሆን ደስ ሲልህ ነው ግንባሩ ላይ የምትለጥፍለት!» በር ላይ የቆመው ልጅ ሳቀ፣ ግን አልቀነሰም።

ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሙዚቃው ተጀመረ። ወዳጄ ጨፈነ። ጋሼ ወደ እርሱ ዞር ብለው አዩት። ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሞዳል ነው» አለኝ።

«ባቲ ነው» አሉ ጋሼ።

«አይ፣ አባባ፣ ይሄ ጃዝ ነው» አለ ወዳጄ፣ ሳይገልጥ።

«ይሁና። ባቲ ነው። ባቲን ለእኔ ትነግረኛለህ? ሰኞ ሰኞ ገበያ የወጣሁበት አገር ነው።»

እዚህ ላይ ለጋሼ መፍረድ ግድ ነው። ዋናዎቹ ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል ወሎ ውስጥ በእግር የሚኬድባቸው ቦታዎች ናቸው። ሙላቱ እነዚህን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ ሃርመኒ ጋር አጋብቶ ነው ኢትዮ ጃዝ ያለው። ወዳጄ የሰርግ ካርዱን አንብቦ የመጣ ነው። ጋሼ የሙሽራዋ ወገን ናቸው።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ሄደ።

አዳራሹ ድርግም አለ። ኪቦርዱ ዝም፣ ቤዝ ጊታሩ ዝም። ድራመሩና ሳክስፎኑ ብቻ በጨለማ ቀጠሉ። ወዳጄ ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ።

«ሰማህ? ሁሉም ቦታ ለቀቁለት! ዝምታውን ስማው!»

ምን ልበለው? ሰማሁት። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ ጄኔሬተሩ ተነሳና እምምምም ማለት ጀመረ።

«በስመ አብ! ያቺን ቤዝ ሰማሃት? በአንዲት ኖታ! ድፍረት ይሏል ይሄ ነው!»

መብራቱ መጣ። ባንዱ ከተቋረጠበት ገባ። ወዳጄ አጨበጨበ። ያን ማታ ለጄኔሬተር ያጨበጨበው እርሱ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን ልማድ ሆኖብኝ እኔም አጨበጨብኩ።

ቀጥሎ ሳክስፎኒስቱ ብቻውን ወደ ፊት ወጣ። ነገሩ ያኔ መልኩን ለወጠ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነበር፤ ይሄም ልጅ መንገዱ ያ ነው። ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ፣ ሽቅብ ወርውሮ፣ መልሶ እያንደረደረ ያመጣዋል። ሽለላ ነበር። ቃል ብቻ ነው የጎደለው።

ቃሉ አጠገቤ ተቀምጦ ኖሯል።

«ዘራፍ!»

ጋሼ ተነስተዋል። ጋቢያቸው ወርዷል። ከዘራቸው ከመብራቱ ጋር ሊጋጭ ትንሽ ቀረው። ልለምናቸው እጄን ብሰድ በክንዳቸው መለሱኝ። ሳክስፎኒስቱ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ወደ እርሳቸው ዞሮ መለሰላቸው። ጋሼ «ዘራፍ!» ሲሉ ሳክስፎኑ ይከተላል፤ ሳክስፎኑ ሲንደረደር ጋሼ ይገቡበታል። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ድራመሩ እየሳቀ ይደልቃል። ከአጠገባችን የተቀመጡ ፈረንጆች ስልካቸውን አወጡ። ወዳጄ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ያየውን አላመነም መሰለኝ፣ መልሶ ጨፈነው።

«ኮል ኤንድ ሪስፖንስ» አለ በቀስታ።

ሶሎው ሲያልቅ ማለቁ ተሰማኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ አጨበጨብኩ።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁ በሩ ድረስ ተከተለን። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጋሼን ጨበጣቸው። «አባባ፣ የፊታችን ቅዳሜ ልዩ እንግዳ ይሁኑልን።»

«የለም ልጄ፣ እንግድነቱ በቃኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አሉት።

ቅዳሜ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ሊሳፈሩ ሲሉ ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። የዓይናቸው ጠብታ ነው። ግማሽ ያህል ቀርቷል።

«ያ ጓደኛህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ሳየው አንጀቴን በላኝ። ወጣት ነው እኮ፣ ምስኪን። ሰው ፊት አላሳፍረውም ብዬ ዝም አልኩ። ይቺን ስጥልኝ። ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሁለት ጠብታ።»