ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ

ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች አምስት ስድስት ሆነው ከአንድ ደጋፊ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩበትን አሠራር ማንሳታቸው ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በስኪዞፍሬንያ፣ ሐሳብን በሚያዛባና ከእውነታ በሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ የታመመው በ21 ዓመቱ ነው፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነው። ጸበል ወሰድነው፣ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልም ወሰድነው። መድኃኒቱ ያዘለት። ጣጣው የመጣው ቤት ሲመለስ ነው። እናታችን ክኒኑን እያጎረሰች፣ ምላሱን አስወጥታ እያየች፣ እሱም እንደ ሕፃን መቆጠሩ እያንገበገበው፣ ሁለቱም አለቁ።

በኋላ አንድ ዘመዳችን ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ሰጠው። የበሩን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው። ክኒኑን ማንም ሳያስታውሰው፣ ጠዋት በሻይ ይወስድ ጀመር። ሦስት ወር እንዲህ ቆየ፤ ከዚያ ጎረቤት «እብድ አስገባችሁብን» ብሎ አስወጣው።

በቤልጂየሟ ጌል ከተማ ነዋሪዎች እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ለዘመናት ቤታቸው ተቀብለው አኑረዋል። እኛ ግን አከራይ እንኳ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ጽሑፉ ዘሎታል፤ ጫትን። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። እዚህ ደግሞ ከምሳ በኋላ የማይቃምበት ግቢ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ድሬዳዋ ቢከፈት፣ የጫቱን ደንብ የሚያወጡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ወይስ ደጋፊው? ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።