«አታምነኝም እንዴ?» የሚባለው ደረሰኝ

ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ፊት ቀርቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጥፋቴ ቀላል አይደለም። አሥር ወር ውጭ አገር ስቆይ ገንዘቤን በአደራ የተረከበውን የአክስቴን ልጅ «እስቲ ሒሳቡን በወረቀት አሳየኝ» ብዬዋለሁ። በወረቀት! የሥጋ ዘመዴን! ወሬው ከጅማ አጂፕ ሰፈር ተነስቶ ቆጪ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። «ውጭ ደርሶ መጣና ዘመዱን ኦዲት ያደርጋል» ተባልኩ። ሰላምታ የነፈጉኝም አሉ።

እናም ተጸጽቻለሁ። ይህችን ጽሑፍ ካሳ ትሁንልኝ ብዬ ነው የምጽፋት። የስንቱን ቤት የያዘውን፣ ሐውልት ቀርቶ አንዲት የጅማ በርጩማ እንኳ ያልተጠረበችለትን «ታማኝ ሰው» ዛሬ ላወድሰው።

ታውቁታላችሁ። በየቤታችሁ አንድ አለ። ቪዛ እንደተመታ፣ ሻንጣ ሳይገዛ፣ እሱ ተመርጦ ያድራል። ማን እንደመረጠው አይታወቅም። ብቻ አንድ ቀን ማታ እናትህ «ለእሱ ተውለት፣ ታማኝ ነው» ትላለች፣ አለቀ። ታማኝነቱ በምን ታወቀ ብለህ ብታጣራ፣ ከዚያ በፊት ማንም ምንም ሰጥቶት አያውቅም። ማስረጃው ይኸው ነው። እስከ ዛሬ የማንንም ብር አልበላም።

ርክክቡ ደግሞ ደስ ሲል! የኤቲኤም ካርዱ ይሰጣል፤ የሚስጥር ቁጥሩ እንዳይረሳ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል። የባንክ ደብተሩ ይሰጣል። ጠንቃቃ ነኝ የምትል ከሆነ ውክልና ትጨምራለህ፣ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የምትለዋን ሳታነብ ትፈርማለህ። የእኔ ደመወዝ እዚህ መግባቱን አላቋረጠም፤ ከእሱ ላይ በየወሩ ለእናቴ ሊሰጥልኝ፣ የቀረውን ሊያስቀምጥልኝ ተነጋገርን። ከዚያ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኝ። ከእናቴ በላይ አለቀሰ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ይቅርታ፣ ያኔ መኩራት ነበረብኝ።

የሄድኩት በመጋቢት 2016 ነው፣ ቤልጅየም፣ ጌንት፣ ለትምህርት። ከጅማ ወደዚያ ለትምህርት መሄድ ብርቅ ስላልሆነ ስለ ብርዱም ስለ ኪራዩም የቀደሙኝ ሁሉ ነግረውኛል። ያልነገሩኝ የሰዎቹን አለመተማመን ነው። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ እዚህ እኖራለሁ ብለህ ትመዘገባለህ። አያምኑህም። ፖሊስ ቤትህ ድረስ መጥቶ እውነት ትኖር እንደሆነ ያያል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ ሌላ ወረቀት። እስኪከፈትልኝ ድረስ አገር ቤት ሳለሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አሳይቼ ከባንክ የገዛኋትን ዩሮ እየቆጠርኩ ከረምኩ፤ አንዳንዱ ሱቅ ባንኮንታክት የሚሉትን የአገራቸውን ካርድ ካልያዝክ የሌላውን ዞር ብሎም አያየው። ሒሳቡ ከተከፈተ በኋላ ይባስ ብለው ሳልጠይቃቸው የእያንዳንዷን ሳንቲም ዝርዝር ይልኩልኝ ጀመር። የዳቦዋን ሳይቀር። ማን ጠየቃችሁ? ምነው፣ ዘመድ የላችሁም?

የመንገድ ዳሩ ኤቲኤምም ያው ነው። የውጭ ካርድ ስትከትበት «በካርድህ አገር ገንዘብ ላስላልህ ወይስ በዩሮ?» ይልሃል። በአገሬ ካልክ ምንዛሪውን ራሱ ተምኖ ይሸነሽንሃል፤ በዩሮ ብለህ ስሌቱን ለባንክህ መተው ነው የሚሻልህ። አጭበርባሪ ነው ማሽኑ። ግን እዩልኝ፣ አጭበርባሪው እንኳ የሚቆርጠውን በቁጥር ጽፎ፣ አስፈቅዶ ነው የሚቆርጠው። የእኛ ታማኝ እንዲህ አያጨናንቅህም።

አሁን ስለ ሲሟ ትንሽ ላውራ። ትንሽ ነው።

ሮሚንግ አስከፍቼ ይዣት መሄድ እችል ነበር። ታማኜ ግን «ለምን ታንከራትታታለህ? ባንክ ሲደውል እኔ አነሳለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሲም ብርድ አይስማማትም። ተውኩለት። በሰኔ ስልኬ ወድቃ ተሰበረች፣ አዲስ ገዛሁ፣ የባንኩን መተግበሪያ ጫንኩ፣ እሱም «የማረጋገጫ ኮድ በስልክ ቁጥርህ ልኬያለሁ፣ አስገባ» አለኝ። የት ላከው? ጅማ። የኮድ ዕድሜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የእኛ ሰላምታስ ስንት ደቂቃ ነው?

ደወልኩ። «ኧረ አንተ ልጅ! እንዴት ነህ?» ደህና ነኝ፣ አሁን አንድ ኮድ... «ብርዱስ?» ደህና ነው፣ ኮዱን... «ምግቡ ተስማማህ? ከሳ አሉኝ እኮ።» አልከሳሁም፣ መልእክት ገብቶልሃል፣ እሱን... «እማማም ደህና ናት፣ ትናንት በር ላይ አግኝቻት ነበር።» እግዜር ይመስገን፣ ኮዱን! «የምን ኮድ?» ሞተች። ኮዷ ሞተች። እንደገና አስላክሁ። በሁለተኛው ሰላምታውን አሳጠረልኝ፣ ግን መልእክቱን ለማየት ስልኩን ከጆሮው ሲያወርድ ዘጋብኝ። በሦስተኛው መነጽሩን ፈለገ። በአራተኛው አምስት ቁጥር አነበበልኝ። ስድስት ነው አልኩት። «አምስት ነው።» ስድስት ነው የሚልኩት። «ወንድሜ፣ የማየው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» በኋላ ሲጣራ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ዜሮ ዘሏታል። ዜሮ ምን ዋጋ አላት ብሎ። የሒሳብ አያያዙን ያኔ መረዳት ነበረብኝ። በአምስተኛው መተግበሪያው ራሱ መረረው፣ ብዙ ስለሞከርክ ለ24 ሰዓት ታግደሃል አለኝ።

በነጋታው ደወልኩ። ሌላ ድምፅ አነሳ። «ማር ነው የፈለጉት?»

ማር! ለካ ታማኜ ቁጥሯ ሥራ ፈታ ከምትቀመጥ ብሎ የማር ንግድ ጀምሮባታል። ስልኩን ለሱቁ ልጅ ሰጥቶታል። እኔ ነኝ የቁጥሩ ባለቤት፣ ኮድ ገብቶልሃል፣ አንብብልኝ አልኩት። «ስንት ኪሎ?» አለኝ። ኮድ ነው ወንድሜ። «ነጩን ነው ቀዩን?» ለሩብ ሰዓት ያህል ማን እንደሆንኩ፣ የት እንዳለሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አስረዳሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ አዳመጠኝ። መጨረሻ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ መልእክቱ እኮ ይህን ኮድ ለማንም እንዳትናገር ይላል።» በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ መመሪያ ያከበረ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እኔም እስክመለስ ድረስ የገንዘቤን ዓይን አላየሁም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ታማኜ ራሱ ደወለልኝ። እስከ ዛሬ ራሱ ደውሎልኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። «ዶላር ጨመረ! አለፈልህ በለኛ!» ለእኔ ምን አለፈልኝ? የእኔ ገንዘብ እኮ ጅማ የተቀመጠ ብር ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ሲያልፍ የእኔ ብር ባለበት ይቀልጣል። ይህንኑ ብነግረው «አታስብ፣ አንቀሳቅሼልሃለሁ» አለኝ። ማንቀሳቀስ ድንቅ ግሥ ናት። ተሳቢ አላት፣ መድረሻ የላትም።

በአባ ጅፋር ዘመን ሄርማታ ገበያ ላይ ሰው የሚገበያየው በጠገራ ብር ነበር፣ በማርያ ቴሬዛ፤ በየትኛውም ዓመት ይመታ ላዩ ላይ 1780 የሚል። ባሕር ተሻግሮ በበቅሎ ጅማ ይገባል፣ ኮድም አይጠይቅ። ነጋዴው ግን የሴትዮዋን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ እያገላበጠ ነጠብጣቡን ይቆጥር ነበር ይባላል። አንዲት ነጠብጣብ ከጎደለች አይቀበልም። እንዴት ያለ ጨካኝ ሰው ነው! እንዲያው «አታምነኝም እንዴ?» የሚለው ዘመድ ጠፍቶ ይሆን?

ሌሎቹ ታማኞች እንዳይቀየሙኝ በአጭሩ ላመስግን። ቤት የሚያሠራልህ አለ፤ በየወሩ «ብረት ጨመረ፣ ሲሚንቶ ጠፋ» እያለ ፎቶ የሚልክልህ። አሸዋው የጎረቤት ነው፣ መሠረቱም ያው ያምናው መሠረት ነው፣ የሚለወጠው እሱ ቆሞ ያነሳበት ጥግ ብቻ ነው። በብርህ ዕቁብ የገባልህም አለ፣ ዕጣው ሲወጣ ግን የሚወጣው በእሱ ስም። ከእናትህ መታከሚያ ላይ እየቀነሰ «ስትመጣ ታመሰግነኛለህ» ብሎ ባጃጅ የገዛውንስ የት እረሳዋለሁ? ባጃጇ ጀርባ ላይ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ለጥፏል። እሱስ እውነት ነው።

እዚህ ጋ ግን ቀልዱ ይቅርብኝ። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ የተበላብኝ ያናድደኛል እንጂ አይጥለኝም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተጠርዞ ሲመለስ ከጅማ ዙሪያ የሄዱ ልጆችም ነበሩበት። አንዷን አውቃታለሁ። ስድስት ዓመት የሰው ወለል ወልውላ፣ የሰው ልጅ አዝላ፣ ያገኘችውን ወር በወር በወንድሟ ስም ትልክ ነበር፤ በራሷ ስም ደብተር አልነበራትማ። በራስ ስም ደብተር ማውጣት ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ውጭ ለሚኖር ሰው በዶላርና በዩሮ የሚከፈት ሒሳብ እንኳ አለ። ደላላው በሌሊት ሲወስዳት ግን ይህን ማን ነገራት? ስትመለስ ወንድሟ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ቤቱን በቆርቆሮ ቀይሮ ጠበቃት። ብሬስ ስትለው «ለቤተሰብ ነው የጠፋው» አላት። በረኪና የበላው እጇ ገና አልዳነም ነበር። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ የተቆጣው በማን ላይ ይመስላችኋል? በእሷ። ዓይን አውጣ፣ ወንድሟን ሒሳብ ጠየቀች ተብሎ። ይኼ ይሉኝታ አይደለም። ዝምድናም አይደለም። ሌብነት ነው! አደራ በላ የሚል ስም አለን እኮ በአማርኛ፣ ለማን ነው ያስቀመጥነው?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

እሑድ ዕለት ቡና ተፈላ፣ ሦስት ሽማግሌ ተቀመጡ። አቦል ላይ ታማኜ ተናገረ። ለእማማ በየወሩ ሰጥቻለሁ አለ። እናቴ «አዎ፣ አንዳንዴ ያመጣልኝ ነበር» አለች፣ ወዲያው ደግሞ ያለችውን ለመዋጥ ፈንዲሻ አነሳች። የቀረውስ አልኩ፣ ደረሰኝ ካለ። ያኔ ነው ቀና ብሎ በዚያ ባለቀሰበት ዓይኑ አይቶኝ «አታምነኝም እንዴ?» ያለኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ረከቦቱ ራሱ ያፈረብኝ መሰለኝ። ደረሰኝ ትላላችሁ? ይኸው ደረሰኝ። ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው፣ ግን እስከ ዛሬ አልቀበልም ያለ ሰው አልተገኘም።

ቶና ላይ እኔ ተራዬ ደረሰ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ ተወካይ ሲጠየቅ ሒሳብ ማሳየት አለበት፣ የወካዩን ገንዘብ ለራሱ ካዋለው ወለድ ጭምር ይከፍላል ይላል አልኩ። እንደ ተማረ ሰው ልናገር ብዬ። ትልቁ ሽማግሌ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ሕግ ለባዳ ነው» አሉ። ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በረካ ላይ ተፈረደ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ብሩ «ከቤተሰብ አልወጣም» ተብሎ ይታለፍ። ስልክ ቁጥሩን በተመለከተ ደግሞ የማር ደንበኞቹ የሚያውቁት በዚያው ቁጥር ስለሆነ፣ የሰው እንጀራ መዝጋት ነውር ስለሆነ፣ በእሱ እጅ ይርጋ። ጉልበቱን ስሜ ተነሳሁ። እሱም አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት የባንክ ሒሳቤን ወደ አዲሱ ቁጥሬ ላዛውር ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። መታወቂያዬን አየች፣ ፊርማዬን አስተያየች፣ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና «ጨርሰናል፣ በቀድሞው ቁጥርዎ ኮድ ልከናል፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ወደ በሩ ወጣ ብዬ የራሴን ቁጥር ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«ማን ልበል?» አለኝ።