ብልሽት የሚጻፍበት ማዕከል፣ ብልሽት የሚደበቅበት ፋብሪካ

በስዊድን ሉንድ ከተማ ዳርቻ ሁለት ግዙፍ የቅንጣት ማፋጠኛዎች፣ ማለትም ኤሌክትሮንን የመሰሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስሮጡ ማሽኖች፣ ተጎራብተው ይገኛሉ። ማክስ ፎር የተባለው በ2016 ተመርቆ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኤሌክትሮኖችን 528 ሜትር ዙሪያ ባለው ቀለበት ውስጥ ያሽከረክራል። ጎረቤቱ የአውሮፓ አገራት በማኅበር የሚገነቡት የኒውትሮን ምርምር ማዕከል ነው። የእኔም እንጀራ ከእነዚህ ማሽኖች መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይወጣል።

አዳማ ስመጣ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የሶፍትዌሩን ዋጋ ነው። በነጻ ነው ስላቸው ለማመን ይቸገራሉ። የኒውትሮን ማዕከሉ የመረጠው ኤፒክስ የተባለው ሥርዓት በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በሎስ አላሞስና በአርጎን ቤተ ሙከራዎች ተጸነሰ፤ ከ2004 ጀምሮ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ተፈቅዷል። ማክስ ፎር የሚሠራበት ታንጎ የተባለው ሌላ የመቆጣጠሪያ ሥርዓትም እንዲሁ ነጻ ነው። የኤፒክስ አሠራር በመንደር ውስጥ ስም እየተጣራ ሰው የሚፈልግን እንግዳ ይመስላል። የማግኔቱ ኃይል፣ የቱቦው ግፊት፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ሙቀት፣ እያንዳንዱ ልኬት የራሱ ስም አለው። ስክሪኑ መረጃ ሲፈልግ ስሙን በኔትወርኩ ላይ ይጣራል፤ ስሙን የያዘው ኮምፒውተር «እኔ ዘንድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩም ብቻውን አይመጣም፤ የተለካበት ሰዓትና የማንቂያ ደረጃው አብረውት ይደርሳሉ። ችግሩ መለስተኛ ነው? ከባድ ነው? ወይስ ልኬቱ ራሱ አይታመንም? ይህን ሦስተኛውን ደረጃ እወደዋለሁ። ማሽን «አሁን የምነግራችሁን አትመኑ» እንዲል አድርጎ መሥራት ትልቅ ሐቀኝነት ይጠይቃል።

ሰውም የሚጽፈው የራሱ መዝገብ አለው። ተረኛው በፈረቃው የቆመውን ሁሉ፣ ሞክሮ ያልተሳካለትን ጭምር፣ በጋራ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ቀጣዩ ተረኛ ከዚያ ይቀጥላል። የዚህን ልማድ ጥቅም ለማየት ሰርን የተባለውን የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ማስታወስ ይበቃል። በጄኔቭ አቅራቢያ ያለው የ27 ኪሎ ሜትር ማፋጠኛ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2008 ዓለም እያየው ሥራ ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን በማግኔቶች መካከል ያለ አንድ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ተበላሽቶ ማግኔቶቹን የሚያቀዘቅዝ በቶን የሚቆጠር ሂሊየም አፈተለከ፤ ግዙፎቹ ማግኔቶች ከመቆሚያቸው ተነቃነቁ፤ ማሽኑም ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። ማዕከሉ ግን ወር ሳይሞላ የምርመራውን ሪፖርት ለሕዝብ አወጣ። ሪፖርቱ ያተኮረው በመገጣጠሚያው፣ በሂሊየሙና ጥፋቱን ቀድሞ መለየት ባልቻለው የመከላከያ ሥርዓት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያዎቹን የሚከታተል አዲስ ሥርዓት ተተከለ።

አዳማም የማሽን ከተማ ናት። በአካባቢዋ ኮረብታዎች ላይ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች 136 ሲሆኑ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የነፋሱን ፍጥነትና የጄኔሬተሩን ሙቀት እየለኩ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል መላክ ከእኔ ሥራ ብዙም የራቀ ሙያ አይደለም። ያሳዘነኝን ያየሁት ግን ዘመድ ባስገባኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የብልሽት መዝገቡን ጠይቄ ስገልጥ ገጽ በገጽ «ችግር የለም» ይላል። በዚያው ሳምንት ግን አንድ ሞተር ተቃጥሎ ነበር። ሠራተኞቹ ጋሼ የሚሏቸውን አንጋፋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የጻፍከው ነገር ከደመወዝህ ይቆረጣል» አሉኝ።

እኒህ ሰው የኩሽኔታውን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ስንት ቀን እንደሚቆይ ይናገራሉ። በሉንድ ስክሪን ሳያይ እንዲህ የሚናገር ባለሙያ አላጋጠመኝም። ዕውቀታቸው ግን የትም አልሰፈረም፤ ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ይወጣል። በዚያ ላይ የፋብሪካውን አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ የተከለው የውጭ ድርጅት የይለፍ ቃሉን ይዞ ስለሄደ፣ ጋሼ ከፍተው ሊያዩት እንኳን አይችሉም። የሉንዱ ተረኛ በድፍረት የሚጽፈው ከጋሼ የተሻለ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። በመጻፉ እንጀራው አይነካበትም።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ለሚሉኝ ዮርዳኖስን እጠቅሳለሁ። በዚያች አገር በ2017 የተመረቀው ሴሳሚ የተባለው ማፋጠኛ ግብፅን፣ ኢራንን፣ እስራኤልን፣ ፍልስጤምንና ፓኪስታንን በአንድ ማኅበር ያቀፈ ነው፤ ማሽኑን የሚቆጣጠሩትም በዚሁ በነጻው ኤፒክስ ነው። አፍሪካ እስካሁን እንደ ሴሳሚና ማክስ ፎር ያለ፣ ኤሌክትሮኖችን በቀለበት አሽከርክሮ ለምርምር የሚሆን ብርሃን የሚያመነጭ ማዕከል አንድም የላትም። ያንን ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ ሙያውን ለመጀመር ግን መጠበቅ አያስፈልግም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ አነስተኛ ኮምፒውተርና አንድ የፋብሪካ ሞተር ቢያገኙ፣ ሙቀቱን፣ ንዝረቱንና የሚስበውን አምፔር ስም ሰጥተው መመዝገብ ይችላሉ። ጋሼ የሚሰሙት ድምፅ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚጀምር ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠው ይወስኑ።

የዱቄት ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅም አንድ ነገር ለምኛለሁ፤ ለሙከራ ያህል ለአንድ ወር በመዝገብ ለተጻፈ ብልሽት ከማንም ደመወዝ እንዳይቆረጥ። «ታዲያ ማን ሊጠየቅ ነው?» አሉኝ። የተቃጠለው ሞተር ዋጋ ከጋሼ ደመወዝ ተቆርጦ እንደማይሞላ፣ መጋል የጀመረበት ቀን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ሳይቃጠል ሊቆም ይችል እንደነበር ነገርኳቸው። እስካሁን እሺም እምቢም አላሉኝም።