የበቅሎዋ ምስክርነት

ሕክምናን ከክኒን ምሬት፣ ከመርፌ ሕመምና ከላቦራቶሪ ወረፋ ነፃ ላወጡልን የቀለም ፈዋሾች እስካሁን ተገቢውን ምስጋና ያቀረበ ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ደም ይሰጣል፣ ሽንት ይሰጣል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ በመጨረሻም «ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ይባላል። የቀለም ፈዋሽ ዘንድ የሄደ ሰው ግን የተወለደበትን ወርና የሚወደውን ቀለም ብቻ ተጠይቆ፣ ሕመሙ ከጉበት ይምጣ ከኩላሊት፣ ከትዳር ይምጣ ከሥራ ማጣት፣ «አረንጓዴ አንሶብዎታል» ተብሎ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ መፍትሔውን ይዞ ይወጣል። ምርመራውም ሆነ መድኃኒቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ካለ ልብስ ስለማይዘል ስሕተት የሚባል ነገር የለበትም።

ስለ እነማን እንደምናገር ማብራራት አያስፈልገኝም፤ እናንተም በየዘመድ አዝማዱ አንድ አንድ አታጡም። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሳቅፎ፣ ለቅሶ ቤት ድረስ መጥቶ «ጥቁር መልበስ የኀዘኑን ኃይል ያጠራቅመዋል» የሚለውን ታውቁታላችሁ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አምፖል ሥር አስተኝታችሁ «አሁን የሚወጣው የልጅነት ቁስል ነው» የምትለውንም ታውቋታላችሁ። ከሁሉ የምትበልጠው ደግሞ ራሷ ምንም ሳትሠለጥን፣ በስልኳ ያየችውን ሁሉ ለታመመ ሰው የምታዝዘው ጎረቤት ናት። እርሷ ከክፍያ ነፃ ስለምትሠራ ሰዓት እላፊ የላትም።

ለዚህ ውዳሴ ያነሣሣኝ ሰሞኑን በአንዲት የቅርብ ዘመዴ ቤት የደረሰው ነው። እትዬ የደም ግፊት አለባቸው፤ ለብዙ ዓመታት በየማለዳው አንዲት ክኒን እየዋጡ ደህና ኖረዋል። ልጆቻቸው በበጎ አሳብ የጠሩላቸው ባለሙያ መጋረጃውን፣ የሶፋውን ልብስ፣ ረከቦቱንና የነጠላውን ጥለት ሳይቀር ከመረመረ በኋላ «እናቴ፣ ቀይ በዝቶብዎታል» አለ። የሶፋው ልብስ ወደ ሰማያዊ ይለወጥ ተባለ፤ ውኃም በሰማያዊ ጠርሙስ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ እየዋለ እንዲጠጡ ታዘዘ። እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ የልብስ ሰፊ ሒሳብ ብቻ ነበርና ማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ግን ባለሙያው የክኒኑን ማሸጊያ አንሥቶ ቢያየው ክኒኑ መልኩ ሮዝ ሆኖ ተገኘ። ሮዝ በነጭ የተበረዘ ቀይ ነው። «በየማለዳው አንድ አንድ ቀይ እየዋጡ ግፊቱ እንዴት ብሎ ይውረድ?» ሲል ጠየቀ፤ እውነቱን ለመናገር በክፍሉ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም።

ይህ ጥበብ ትናንት የበቀለ እንዳይመስላችሁ፤ የተከበረ የዘር ሐረግ አለው። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ፣ ኦገስተስ ፕሌዘንተን የሚባሉ የፔንሲልቫኒያ ሚሊሺያ ጄኔራል ነበሩ። የወይን ተክል የሚያሳድጉበትን የመስታወት ቤት በየመሀሉ ሰማያዊ መስታወት አስገቡበትና ወይኑ እንደ ጉድ አደገልኝ አሉ። ቀጥለው አሳማዎችን በዚያው ብርሃን አሳድገው እነርሱም ወፈሩልኝ አሉ። በ1871 ግኝታቸውን በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገቡ፤ በ1876 ደግሞ መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉም በሰማያዊ ወረቀት ላይ በሰማያዊ ቀለም የታተመ ነበር። አንባቢ ምንም ሳይነበብለት ቢቀር እንኳ ታክሞ ይነሣል ማለት ነው።

ከጄኔራሉ ምስክሮች ሁሉ ልቤን የማረከችው ግን መስማት የተሳናት በቅሎ ናት። ይህች በቅሎ ጆሮዋ ከመደፈኑ ሌላ ቁርጥማትም ነበረባት። ከጋጣዋ በር በላይ ሰማያዊ መስታወት ተገጠመላትና ብዙም ሳይቆይ ቁርጥማቱ ለቀቃት፣ ጆሮዋም ተከፈተ ተባለ። እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። የበቅሎ ጆሮ አለመስማቱ በምን ይታወቃል? «ነይ» ስትባል አትመጣም ይባል ይሆናል፤ ደህና የምትሰማዋ በቅሎስ መቼ መጥታ ታውቃለች? «ቁሚ» ስትባል ትሄዳለች፣ «ሂጂ» ስትባል ትቆማለች ቢባል፣ ይህ የበቅሎነት እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። መዳኗስ በምን ተረጋገጠ? ማን ከኋላዋ ቆሞ አጨበጨበ? በቀኝ ጆሮዋ በኩል ነው ወይስ በግራ? ከመስታወቱ በፊትስ በዚያው ርቀት፣ በዚያው እጅ፣ ተጨብጭቦላት ነበርን? ምናልባት ጄኔራሉ ስለ ሰማያዊ ብርሃን ለእንግዶቻቸው ሲያስረዱ ጆሮዋን ቀስራ ተገኝታ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዳነች ተብሎ ተመዘገበ። እኔ የምጠረጥረው ግን በቅሎዋ ድሮም ትሰማ እንደነበረ ነው። የሚነገራትን ሁሉ ሰምታ፣ መዝና፣ መልስ የሚገባው ሆኖ ስላላገኘችው ዝም ብላ የኖረች አስተዋይ እንስሳ ነበረች። ሕመምተኛ ናት ተብላ ጭነት ቀርቶላት ከሆነ ቁርጥማቱ በራሱ ጊዜ ቢሻላትም አይደንቅም። በቅሎዋን የጠየቃት የለም፤ የሆነውን ሁሉ የነገሩን መስታወቱን የገዙት ጌታዋ ናቸው።

እንዲህም ሆኖ በ1877 የአሜሪካ ከተሞች ሰዎች ሰማያዊ መስታወት እየገዙ በመስኮታቸው ላይ ገጠሙ፤ ከሥሩም ተቀምጠው ቁርጥማታቸው እስኪለቃቸው ይጠባበቁ ጀመር። በዚያው ዓመት ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት ነገሩን አፍረጠረጠው፤ ሰማያዊ መስታወት በፀሐይ ብርሃን ላይ የሚጨምረው አንዳች ሰማያዊ የለም፤ ሌሎቹን ጨረሮች ይከለክላል እንጂ። እንግዲህ በሰማያዊ መስታወት ሥር የተቀመጠ ሰው ሜዳ ላይ ከተቀመጠው ሰው የሚበልጥ ሰማያዊ ብርሃን አያገኝም፤ የሚያገኘው ጥላ ነው። ይህን ሳነብ ለዛሬዎቹ ባለ አምፖሎች ያለኝ አድናቆት ጨመረ። ጥላን በሰዓት ሒሳብ መሸጥ ቀላል ችሎታ አይደለም።

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ፈዋሾቻችንንም «ሕክምናን ከማን ተማራችሁ?» ብትሏቸው ኳንተም ፊዚክስን ይጠሩላችኋል። ፊዚክስ ዝምድናውን ይወቅ አይወቅ አልተጣራም።

በዚህ ረገድ አያቶቻችንን ማስቀየም አልፈልግም። እነርሱም ዛሩ ገብስማ ዶሮ ካለ ገብስማ፣ ቀይ ካለ ቀይ ለማግኘት ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ይውሉ ነበር፤ በቀለም የማዘዝ ሥራ ያን ጊዜም ነበረ። ዘመናዊው ባለሙያ «ይህ ኋላ ቀር እምነት ነው» ብሎ ይስቃል። የሚለያቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፤ የዛሩ ትእዛዝ ቢያንስ መጨረሻው ዶሮ ወጥ ነበር።

ብርሃን አያክምም ያለ የለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ፣ በሮችፎርድ ሆስፒታል አንዲት ነርስ አራስ ሕፃናትን ፀሐይ ላይ ስታወጣ የገላቸው ቢጫነት ፀሐይ ባገኘው ቦታ ላይ እንደሚቀንስ አስተዋለች። ሐኪሞቹ ነገሩን ተከታትለው፣ በመብራት ሞክረው፣ ደም እየለኩ በ1958 ውጤቱን አሳተሙ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምናየው ሰማያዊ መብራት የመጣው ከዚያ ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ጨረር በሕፃኑ ቆዳ ሥር ያለውን፣ ቢጫነቱን የሚያመጣውን ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር ቅርጹን ለውጦ በሐሞትና በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። ነገር ግን ይህ መብራት እንዴት ያለ አሰልቺ ነገር ነው! የሕፃኑ ዓይን ይሸፈናል፣ ደሙ በየጊዜው ይለካል፣ ልኩ ሲወርድ መብራቱ ይጠፋል። ስለ ነፍስ፣ ስለ ዕድልና ስለ ትዳር ምንም አይናገርም። ካልሠራ አለመሥራቱ በቁጥር ይታወቃል፤ ነርሷም እናቲቱን «እምነትሽ ስላነሰ ነው» ብላ አትወቅሳትም። ይህን የመሰለ መብራት በእኛ ባለ አምፖሎች ዘንድ ገበያ እንደሌለው ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ውዳሴውን ለጊዜው ላቁመው። እትዬ ክኒኑን ተዉት። ሰማያዊ ውኃቸውን እየጠጡ፣ ልጆቻቸውን ላለማስቀየም «ቀለል ብሎኛል» እያሉ ቆዩ፤ በመጨረሻ በከባድ ራስ ምታት ወድቀው ሆስፒታል ሲደርሱ ግፊታቸው የለካችውን ነርስ አስደነገጣት። ተርፈዋል። ባለሙያው ሲጠየቅ የመለሰው «ከልባቸው አልተቀበሉትም ነበር» የሚል ነው። ይህ ሰው በምድር ላይ ካለ ማንኛውም ሕግ በፊት ሊያፍር ይገባው ነበር። አንዲት አሮጊት የሕይወቷን ክር ከእጇ አስጥሎ፣ ክሩ ሲበጠስ ጥፋቱን በእርሷ ላይ መጫን ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ልብስ ምረጡላቸው፣ ግድግዳ ቀቡላቸው፤ ቀለም ዓይንን ደስ እንደሚያሰኝ ማንም አይክድም። የታመመ ሰው ክኒን ላይ ግን እጃችሁን አታሳርፉ!

እንዲህ ያለው ዓይን አውጣነትም ቢሆን የቆየ ነው። ዲንሻህ ጋዲያሊ የተባለ የቦምቤይ ተወላጅ በአሜሪካ ስፔክትሮ ክሮም የሚባል፣ ባለ ቀለም መስታወት የሚፈራረቅበት የአንድ ሺህ ዋት አምፖል ሣጥን ለዓመታት ሸጠ፤ በ12 ቀለማት የማይድን በሽታ አልነበረውም። በኒው ጀርሲ፣ በካምደን ከተማ በቀረበበት ክስ ከሚጥል በሽታ ዳነ ብሎ ለመከላከያ ያቆመው ምስክር እዚያው ምስክርነት በመስጠት ላይ ሳለ በሽታው ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1947 ጥፋተኛ ተባለ። እርሱ ግን የቀለም ትምህርቱን አልተወም፤ የሥራ ፍቅር ማለት ይኸው ነው።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስና አንድ የክፍያ ጥያቄ ላቅርብ። ቀለም ከርቀት የሚሠራ ከሆነ፣ የታካሚው ሁለት መቶ ብር ኖት መልኩ ወይን ጠጅ ነውና፣ ኖቱን በፈዋሹ ግንባር ፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ይዞ ቆይቶ ወደ ኪሱ ቢመልሰው ሒሳቡ እንደ ተከፈለ ሊቆጠር በተገባ ነበር። ይህን አሳብ ለአንዱ ባለሙያ አቅርቤለት አልወደደውም፤ በስልክ እንዲተላለፍለት ነው የሚመርጠው። በስልክ የሚተላለፍ ገንዘብ ደግሞ አረንጓዴም ሰማያዊም አይደለም፣ ምንም ዓይነት ቀለም የለውም፤ በዚህ ምክንያት አልቀበልም ብሎ የመለሰ ፈዋሽ ግን እስካሁን አልሰማሁም።