ማስተካከያ፦ ሻወር ቤት ላይ የዘይት ቀለም ስለመደረብ

ባለፈው ጽሑፌ የሻወር ቤት ቀለም እየተላጠ ላስቸገራችሁ «የዘይት ቀለም ደርቡበት፤ ውሃ አያስገባም» ብዬ ነበር። ምክሩ ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በተለይ እኔን አምናችሁ ገንዘብ ያወጣችሁትን።

የዘይት ቀለም ከክፍሉ የሚመጣውን እንፋሎት ይመክታል። እርጥበቱ ያለው ግድግዳው ውስጥ ከሆነ ግን መውጫ ያሳጣዋል። ያኔ ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል። መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይረግፋል።

ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት የውሃውን ምንጭ ለዩ። ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ጠብታው በግድግዳው በኩል ከታየ ውሃው ከውስጥ ነው። ቧንቧውን፣ የሴራሚኩን መጋጠሚያ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጣሪያውንና አሸንዳውን አስፈትሹ። ይህ ሳይጠገን ምንም ዓይነት ቀለም አይበረክትም። የረጠበው የላስቲኩ ውጭ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሻወሩ እንፋሎት ነው። ከታጠባችሁ በኋላ መስኮት ክፈቱ፤ መስኮት ከሌለ አየር ማውጫ ፋን አስገጥሙ።

«አዲስ ልስን በሳምንት ይደርቃል» ያልኩትም ልክ አይደለም። የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በክረምት ከዚያም በላይ።

የተላጠውን በስፓቱላ ፍቃችሁ አንሱ እንጂ በላዩ አትቀቡ። ሻጋታ ካለ በውሃ በቀጠነ በረኪና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።